ክፍት ቦታ

በከተማችን ሰው ችግኝ ሲተክል ካየሁ ዓይኔ ችግኙ ላይ አያርፍም፤ ሰውዬው ላይ ነው የሚያርፈው። ለምን እዚህ? ለምን ዛሬ? ነገ ዙሪያውን ሽቦ ያስርበታል፣ ከነገ ወዲያ ሽቦው ቆርቆሮ ይሆናል፣ ከዚያ ከቆርቆሮው ጀርባ ሲሚንቶ ሲቦካ ይሰማል። ይህንን ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ ስትጠረጥሪ ልትሞቺ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» እያልኩ እመልስላታለሁ። ትስቅ ነበር።

ጠባዬን ያባሰው ሥራዬ ይመስለኛል። አዳማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው ወረቀቱን ይሰጠኝና ኮፒው እስኪያልቅ ስልኩን ያያል። እኔ አነባለሁ። ማንበብ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ግን አነባለሁ። የማን ካርታ በማን ስም እንደዞረ፣ ማን ከወንድሙ ጋር ፍርድ ቤት እንደቆመ፣ የማን ልጅ ስንት ጊዜ ፈተና እንደወደቀ የማላውቀው የለም። ማመልከቻም እጽፋለሁ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ስጀምር ጣቶቼ ራሳቸው ያውቁታል። በሰፈሩ የእኔን ያህል የቢሮ አማርኛ የሚችል የለም። በዚህ እኮራ ነበር።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከኮብልስቶኑ ማዶ፣ ማንም ቤት ያልሠራበት መሬት ነበር። አንድ ትልቅ ግራርና ጎረቤቶች ከዓመታት በፊት የተከሏቸው ሦስት የኒም ዛፎች ነበሩበት። ክረምት ሲገባ ሣር ያበቅላል፤ በበጋ ደግሞ ያ የከተማችን ነፋስ አቧራውን እያነሳ ሱቄ ውስጥ ይከተዋል። ስም እንኳ አልነበረውም። «ግራሩ ጋ» ነበር የምንለው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከወሎ ወጥተው፣ መጀመሪያ በአሰብ መስመር በኋላም በጅቡቲ መስመር ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ እዚሁ አዳማ ላይ ጡረታ ወጡ። መሪውን ከለቀቁ ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ደከመ። ግላኮማ ነው ተባለ፤ ዘግይተናል ተባለ። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ አይቀመጡ፣ በየቀኑ ይራመዱ፣ አለበለዚያ እግርዎም ይከተላል» አላቸው። ሐኪሙ መናገሩ ቀላል ነው። የእኛ ሰፈር መንገድ የባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ዓይን ላለውም አይራራም።

እናም እሑድ እሑድ ሱቄን እየዘጋሁ አባቴ የሚራመዱበት አረንጓዴ ቦታ ፍለጋ ጀመርን። መጀመሪያ የሄድነው አዲስ ወደተሠራ መናፈሻ ነበር። አጥሩ ቀለም የተቀባ፣ በሩ ላይ ቲኬት የሚቆረጥበት፣ ውስጡ በሙሽሮችና በካሜራ የተሞላ ነው። አባቴ በከዘራቸው ሣሩን ዳሰስ አድርገው ረገጥ ሲያደርጉ ጥበቃው ፊሽካ ነፋ። «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው!» አለ። አባቴ ፊሽካው ወደመጣበት ዞረው፣ «ታዲያ ለማን ነው የዘራችሁት?» አሉት። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማየው፤ በአንደኛው ጥግ ሣሩ ተነስቶ ጠጠር ተከምሯል። ይሄኔ ካፌ ሊሆን ነው አልኩ። ወሬውን ለማጣራት ተመልሼ አልሄድኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሆቴል ግቢ ገባን። ግቢው ጥላ አለው፣ አበባ አለው፤ አስተናጋጁ ግን በየአሥር ደቂቃው «ምን ልታዘዝ?» ይላል። ሦስተኛውን ሻይ ስናዝ አባቴ «ይህ እንኳ መራመጃ አይደለም፣ መጠጫ ነው» አሉ። በዋናው መንገድ መሀል ዘንባባዎቹ ያማሩ ናቸው፤ እዚያ ለመድረስ ግን መኪና መሀል መግባት ያስፈልጋል። ሶደሬ ሄድን፤ እዚያ ዝንጀሮ የአባቴን ሙዝ ከእጃቸው መንጭቆ ወሰደና አባቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ከጥበቃው ይሻላል፤ የፈለገውን ወስዶ ይሄዳል፣ ፊሽካ አይነፋብህም» አሉ። ግን ሶደሬ በየቀኑ የሚኬድበት አይደለም።

አንድ ጊዜ ቢሾፍቱ ድረስ ወሰድኳቸው። ሐይቅ ዳር በጋሪ ዞርን፤ ወደ ውኃው የሚወርደው መንገድ ሁሉ አንዱ ሎጅ ወይም ሌላው አጥሮታል። አባቴ «ሐይቁ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

«ከዚህ ግንብ ጀርባ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ለእኔም ለአንቺም እኩል ነው የሚታየን» አሉ።

የዚያን ዕለት ስንመለስ ደክመን ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀመጥን። አባቴ ተነስተው ወዲያ ወዲህ አሉ። ማንም ፊሽካ አልነፋም፤ ማንም ምን ልታዘዝ አላለም። «ይሄ ነበር እኮ የምፈልገው፤ ለካ አፍንጫችን ሥር ነበር» አሉኝ። ከማግስቱ ጀምሮ እጃቸውን ይዤ ኮብልስቶኑን አሻግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የራሳቸው ናቸው። ከጓደኞቻቸው አንዱ ያመጣውን አሮጌ የመኪና ጎማ ግራሩ ሥር ቀበርንላቸውና መቀመጫ ሆነ። ዙሁርና አስርን እዚያው ጥላው ሥር ይሰግዱ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ የአባቴ ጉንጭ ሞላ፤ ማታ ማታም ማጉረምረም ተዉ። ያ መሬት ከጠፋ አባቴ ተመልሰው አልጋ ላይ እንደሚውሉ አውቅ ነበር። ለዚህ ነው እንደ ዘበኛ እጠብቀው የነበረው።

ሰውዬው የመጣው ክረምቱ እንዳለፈ ነው።

ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ኮፍያ ያደርጋል፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቀስ ብሎ ይራመዳል። እንዲህ የሚራመደው መቼም ወይ ሹም ነው ወይ ደላላ። ከመሬቱ ዳር ይነሳና ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይቆጥራል! ከዚያ ቆም ይልና ድንጋይ ፈልጎ ቆሞ ከነበረበት ያስቀምጣል። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። በማግስቱ ይመጣል፤ ይቆጥራል፤ ድንጋዩን አንስቶ ትንሽ ወደፊት ያደርገዋል። በሦስተኛው ቀን ሌላ መስመር ጀመረና ሌላ ድንጋይ አኖረ።

እኔ ከኮፒ ማሽኑ ኋላ ሆኜ አየዋለሁ። መሬት የሚወሰደው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ችካል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ። ከጎረቤት ዱቄት የምትሸጠውን ሴትዮ ጠራሁና አሳየኋት። «ውይ! ድንጋዩ ትናንት እዚያ ነበር እኮ» አለች። ከእሷ የባጃጅ ባለንብረቱ ሰማ፤ ከእሱ ሰፈሩ በሙሉ።

በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ሱቄን ከፍቼ ትቼ ወጣሁና ፊቱ ቆምኩ። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ሆኖም አንቱታውን ነፈግኩት።

«አንተ፣ እዚህ ምንድን ነው የምትሠራው?»

ኮፍያውን አወለቀ። «አከም ቡልተኒ» አለኝ፣ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ሰላምታውን አልመለስኩም። አማርኛው ከኦሮምኛው ሥር የወጣ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ የሚናገረው ዓይነት ነበር። ትንሽ አሰበና፣ «እኔ እለካለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምትለካው?»

«በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ» አለና ፈገግ አለ። «ዛፉ ጋ ስደርስ አለቀ።»

ደሜ ፈላ። እንዲህ በአደባባይ፣ በፈገግታ! «እናያለን» ብዬው ተመለስኩ። ጠይቄዋለሁ፣ መልሷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል ብዬ ነበር።

በሳምንቱ አባቴን ከእነዚያ ድንጋዮች አንዱ መታቸው። ያንን መሬት በእግራቸው ያውቁት ስለነበር ከዘራውን ከፊት አይልኩም ነበር፤ ከነጠላ ጫማቸው የወጣው አውራ ጣታቸው ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ፣ በጉልበታቸው ወደቁ። ሮጬ ስደርስ ጥፍራቸው ተገንጥሎ ይደማል። በዚያች ቅጽበት ሰውዬውን ባገኘው ኖሮ ምን እንደማደርገው እኔም አላውቅም።

«ማን ነው እዚህ ድንጋይ ያኖረ?» አሉኝ።

«መሬቱን ሊወስደው ያሰበ ሰው ነው፣ አባባ።»

«ጠይቀሽዋል?»

«በአፉ ነገረኝ፤ እየለካሁ ነው አለኝ።»

አባቴ ጣታቸውን ያዙ። «የሚሰርቅ ሰው እየለካሁ ነው ይላል እንዴ?» አሉ በኋላ። ደሙን መጥረጌን ቀጠልኩ። ተናድጄ ነበር።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ጎረቤቶቼ ሱቄ ተሰበሰቡ። አቤቱታ ይጻፍ ተባለ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንበሬን ሳብኩና ጻፍኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «በሰፈራችን የሚገኘውን ባለቤት የሌለው ክፍት ቦታ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ በድንጋይ እየከለለ በመሆኑ፣ የሚመለከተው አካል ቦታውን ተመልክቶ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ከታላቅ አክብሮት ጋር እንጠይቃለን።» ዱቄት ሻጯ «እንዲህ ነው እንጂ አጻጻፍ!» አለች። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ።

ማታ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ዛፎቹን አልጠራሻቸውም» አሉ።

«የቢሮ ደብዳቤ አጭር ነው፣ አባባ። ነገሩ ሰውዬው ነው።»

«እሺ። አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ።

ደብዳቤውን ማክሰኞ ቀበሌው ቢሮ አስገባሁ። ሰውዬው ሐሙስ ሱቄ ገባ። በሩ ላይ ሳየው ያለ ነገር አልመጣም ብዬ ስልኬን ለመቅረጽ አዘጋጀሁ። እሱ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «አንድ ኮፒ» አለ። ተቀበልኩት፤ እንደ ልማዴም አነበብኩት። የሆስፒታል ወረቀት ነው። እንግሊዝኛው ብዙው ባይገባኝም ልብ የሚለውንና ኦፕራሲዮን የሚለውን ለየሁ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ማኅተሙ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጌ አየሁት!

«ልቤ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ልቤ ደክሞ ነበረ። ከሁሩታ ተነስቼ እዚህ ልጄ ቤት መጣሁ። ዶክተር እንዲህ አለኝ፤ በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ጨምር፣ ትናንት የደረስክበትን እወቅ። ድንጋዩ ለእሱ ነው፤ ዛሬ የት ደረስኩ ለማለት።» ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ቁጥር ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር ካለፈው ጥቂት ከፍ የሚል የእርምጃ ቁጥር። «ዛፉ ጋ ስደርስ ዳንኩ ማለት ነው» አለ።

ማሽኑ ወረቀቱን ሲያወጣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። «ይቀመጡ» አልኳቸው። «እርስዎ ቆመው አይጠብቁ፣ ይቀመጡ።» አንቱታው ከአፌ ሲወጣ ሰምተው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ «ገለቶማ» ብለው፣ አመስግነው፣ ተቀመጡ። ስለ አቤቱታው አልነገርኳቸውም። ስለ አባቴ ጣት ግን ነገርኳቸውና ፊታቸው ተለወጠ፤ ወዲያው ወጥተው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከመሄጃው አነሱ። ከዚያ አባቴ ጎማ ላይ ወደተቀመጡበት ሄደው እጃቸውን ያዙ።

በማግስቱ ደብዳቤውን መልሼ ለመውሰድ ቢሮው ሄድኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ተመርቷል» አለችኝ። ወዴት? «ወደሚመለከተው ክፍል።» ከዚያ በላይ አልገፋሁም። በሕይወቴ ሙሉ እምነቴን የጣልኩበት አንድ ነገር ቢኖር የቢሮ ዝግታ ነው። የተመራ ደብዳቤ መደርደሪያ ላይ ያረጃል ብዬ ተመለስኩ። ሁሉን ስጠረጥር ኖሬ ያቺን አንዷን ሳልጠረጥር ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደስታዬንም እፈራዋለሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ አብረው ይራመዱ ነበር። አባቴ በሹፌርነታቸው የለቀሙትን ኦሮምኛ አወጡ፤ ሰውዬው የሁሩታን ገብስና ስንዴ ያወራሉ፣ አባቴ ከሻሸመኔ እስከ ጅቡቲ ያለውን እያንዳንዱን ቁልቁለት ይቆጥራሉ። አንዱ ዓይን ይሆናል፣ ሌላው የመራመድ ምክንያት። ሰውዬው ግራሩ ጋ የደረሱ ዕለት ዱቄት ሻጯ እልል አለች፤ እሷ ያንን ወረቀት እንደፈረመች ረስታዋለች። እኔ አልረሳሁም። ግራሩ ሥር ሰዎች በበዙ ቁጥር፣ ከቢሮ የተላከ ሰው ይመጣ ይሆን እያልኩ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ወደ አስፋልቱ አይ ነበር።

አንድ ረፋድ ሁለት ወጣቶች ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተሸክመው መጡ። መሬቱ ላይ ተከሉት፤ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይጽፋል። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ልጅ ሱቄ ገባ፤ ጨዋ ነው፣ ሰላምታው ጥሩ ነው። «እህቴ፣ ይህቺን ፋይል ሁለት ሁለት ኮፒ» አለኝ።

ገለጥኩት። ሦስተኛው ገጽ የእኔ ደብዳቤ ነበር። የጻፍኩት፣ ያተምኩት፣ አሥራ አንዳችን የፈረምንበት። «ባለቤት የሌለው ክፍት ቦታ» የሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የነዋሪ ጥቆማ ነው። ክፍት ቦታ ጠቁመውን መዝግበነዋል፤ አሁን ለግንባታ ሊሰጥ ነው። ነዋሪው ሁሉ እንዲህ ቢተባበር ጥሩ ነበር።»

«ዛፎች አሉበት እኮ። ሰዎች ይራመዱበታል።»

ልጁ ወረቀቱን ወደራሱ አዙሮ ከላይ እስከታች አነበበ። «እዚህ ላይ ዛፍ የሚል የለም» አለ። እየቀለደ አልነበረም። ወረቀቱ የሚለውን ነው የነገረኝ። እኔ ካልጻፍኩት እሱ ከየት ያምጣው? ሁለት ሁለት ኮፒ አደረግኩለት። የእኔን ደብዳቤ በእኔ ማሽን።

አቤት አልን፤ ሄድን፤ ተመለስን። ሁሉም ቦታ የሚያወጡት ያንኑ ገጽ ነው። ቆርቆሮው ዓርብ ታጠረ። ሰኞ ጠዋት የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማን። አባቴ ቤት ውስጥ ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ዳቦውን አስቀመጡ። የኒሞቹ ቶሎ አለቀ። የግራሩ ግን እስከ ዙሁር ድረስ ቆየ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የሀገሬ ሰው። እኔ ጠርጥሬ ነው ያስመነጠርኩት፤ የሚጠረጠረው ደግሞ እዚያ ቆሞ ሲቆጥር የነበረው ሰው ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ የነበረችው ሴት ነበረች።

አሁን አባቴ በግቢያችን ውስጥ ይራመዳሉ። ከበሩ እስከ ውኃ ታንከሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ከዚያ መዞር ነው። የሁሩታው ሰው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው አሥራ አራት ይሄዳሉ፣ አሥራ አራት ይመለሳሉ። ድንጋይ ማስቀመጥ አያስፈልግም። አባቴ ከሰዓት ከሰዓት መተኛት ጀምረዋል። ጉንጫቸው ተመልሷል፣ ማለቴ እንደ ድሮው ገብቷል።

ደብዳቤው መንስኤ መሆኑን ለአባቴ አልነገርኳቸውም ነበር። ባለፈው ሳምንት ሱቄን ዘግቼ ስገባ ታንከሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ነይ» አሉኝ። «አንድ ወረቀት ጻፊልኝ። ለቢሮ።»

«አባባ፣ አልቋል እኮ። መሠረት ቆፍረዋል።»

«አውቃለሁ፤ ቁፋሮውን እሰማዋለሁ። መልሱልኝ ለማለት አይደለም። የመጀመሪያው ወረቀት ስህተት አለበት፤ ይታረም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ እንዳነበብኩላቸው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቃል በቃል እንደሰሙ ገና አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ ጆሮዬ አለ» አሉ። ቁጣ የለበትም። እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉኝና ጉልበቴን አገኙ። «አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው። እሱን አላህ ያውቀዋል። አሁን ጻፊ፤ ክፍት አልነበረም በይ። ሰው ነበረበት በይ።»

ላፕቶፔን አመጣሁ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። አባቴ እየተናገሩ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ግራሩን በስሙ ጠራነው፣ ኒሞቹንም ሦስቱንም፣ ጎማውንም። ስጨርስ «አንብቢልኝ» አሉኝ፤ ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው።